ከንስሩ እግር በታች ያለችው ፊደል

አንድ ሰው ነበረ፤ ወርቅ የሚወድ ሰው ግን አልነበረም። ጣቱ ቀለበት አያውቅም፤ ለሚስቱም ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ ሀብል ገዝቶላት አያውቅም። ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ የክት ኮቱ ሳይቀር ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ይህ ሰው በዓለም ላይ ካለው ወርቅ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የታተመ የወርቅ ሳንቲም።

እንዲህ ብለው የጀመሩት መሪጌታ ሐዲስ ናቸው። የሚያዳምጣቸው ይኄይስ የሚባል ወጣት መሬት ቀያሽ ነው፤ ደጋግሞ ሳይለካ ካስማ የማይተክል ልጅ። በጠዋት መጥቶ ብዙ ሲያመነታ ከቆየ በኋላ እንዲህ ብሎ ጠየቃቸው።

«መሪጌታ፣ ሰው የሚያገባትን ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ቢፈትናት ነውር ነው?»

የሺመቤት የምትባል እጮኛ አለችው። መጀመሪያ ጎረቤቶቿን በሰው አስጠየቀ፤ መልካም ልጅ ናት አሉት። ቀጥሎ «ከሥራ ተባረርኩ» ብሎ ዋሻትና ፊቷን ተመለከተ። ጥቂት ዝም አለችና «እኔ ሥራ አለኝ፤ እስክታገኝ ያለንን እንበላለን» አለችው። አሁን ደግሞ እሷ የማታውቀው ጓደኛው ባለጸጋ መስሎ ሊያባብላት ተዘጋጅቷል፤ ከምሳ በኋላ ይሄዳል።

«አላምናትም ማለቴ አይደለም» አለ ይኄይስ። «ብቻ ብዙ አትናገርም። ዝም ስትል ምን እንደምታስብ አላውቅም። ይህን አንዱን ካረጋገጥኩ በኋላ ልቤ ያርፋል።»

መሪጌታ የሚደጉሱትን መጽሐፍ ከጉልበታቸው አወረዱ። ነውር ነውም አይደለምም አላሉትም። የዚያን ቆዳ ነጋዴ ነገር ግን አወሩለት።

ሰውየው የሚኖረው ባቡር በሚያልፍበት አንድ ቆላ ከተማ ነበር። ባቡሩ ከወደብ ሲመጣ ጨርቅና ጨው ብቻ አያመጣም፤ የየአገሩ ገንዘብም በነጋዴ መቀነትና በመርከበኛ ኪስ አብሮ ይገባል። የወርቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መድረሻው ወርቅ ሠሪ ቤት ነው፤ ወናፍ ይነፋበታል፣ ይቀልጣል፣ የሙሽራ ጉትቻ ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው ዘወትር ከእሳት ጋር ይሽቀዳደም ነበር። የባቡሩን ፊሽካ ሲሰማ የሚቆጥረውን ቆዳ እዚያው ጥሎ ይወጣል። ሚስቱም «ሂድ፣ ጠራህ» ትለዋለች።

ለማያውቅ ሰው እነዚያ ሳንቲሞች ሁሉም አንድ ናቸው፤ በፊታቸው ዘውድ የደፋች ሴት፣ በጀርባቸው ክንፉን የዘረጋ ንስር። የሚያውቅ ሰው ግን ገልብጦ ከንስሩ እግር በታች ያያል። እዚያ ከሰናፍጭ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ፊደል ትኖራለች፣ ወይም አትኖርም። ሳንቲሙ በየትኛው ቤት እንደታተመ የምትናገረው እሷ ናት። ትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች እንደ አሸዋ አትመዋል። ወርቅ በተገኘበት ተራራማ አገር ግን አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች፤ ጥቂት ዘመን ጥቂት ሳንቲም አትማ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲነሳ ተዘጋች። የዚያችን ቤት ፊደል የያዘ ሳንቲም ሳያዩ የሚሞቱ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው።

ሰውየው ሳንቲሞቹን ቀይ ከፈይ በተለበጠ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ጎድጓዳ አበጅቶ ያስቀምጣል። መካከል ላይ ያለው ጎድጓዳ ባዶ ነበር። ሣጥኑን በከፈተ ቁጥር ከሚያበሩት ሁሉ ይልቅ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ባዶው ላይ ነው።

እንደ እሱ ያሉ ጥቂት ሰዎችም በከተማው ነበሩ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሆቴል በረንዳ ተሰብስበው ያገኙትን አንዱ ለሌላው ያሳያል። አዋቂያቸው ሁሉም እንደ ፈረንጅ ወግ «ሙሴ» የሚሉት አንድ ሽማግሌ አርመን ነው። ከእሱ ጎን የማይጠፋው ደግሞ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው፤ ምላሱ ከሚሸጠው መድኃኒት ይበልጥ ይመርራል። አንድ እሁድ ቆዳ ነጋዴው በደስታ አንድ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሙሴ አንስቶ አየና አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ ባለመድኃኒቱ አሳለፈው። በወርቅ የተቀባ ናስ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለመድኃኒቱ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

«ናሱ፣ እንዴት ዋልክ? ለናሱ ወንበር ሳቡለት።»

ሰውየው አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን እራት አይወርድለትም።

ከዕለታት አንድ ቀን ወርቅ ሠሪው ዘንድ ተቀምጦ ሲያወጋ አንድ ግመል ነጂ ገባ። ከመቀነቱ አንዲት ሳንቲም ፈትቶ «ለልጄ ጉትቻ አድርግልኝ፤ ትዳራለች» አለ። ወርቅ ሠሪው መዘናትና ወደ ማቅለጫው ሸክላ አቀረባት። ቆዳ ነጋዴው እንዲሁ በልማድ «እስቲ ጀርባዋን ልያት» ብሎ ተቀብሎ ገለበጣት።

ፊደሏ አለች።

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፤ አሁንም አለች። «አታቅልጣት» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። «ሁለታችሁም ከዚህ እንዳትነቃነቁ።» ብድግ ብሎ ወጣ። በገበያው መካከል፣ ባርኔጣውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሽንኩርት ሻጮቹን እየዘለለ ሮጠ። እንዲያ ያለ ባለጸጋ ሰው ሲሮጥ ያየ ሁሉ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት ተከተለው። ከሣጥኑ የእሷን እጥፍ የምትመዝን፣ እንደ መስታወት የምታበራ ሳንቲም አንስቶ፣ ከኋላው ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር ተመለሰ።

ግመል ነጂው ሁለቱን በሁለት መዳፉ መዘነ። «ይቺ ትከብዳለች፤ ታበራለችም። የኔዋ ደብዛዛ ናት። ምን ቸግሮህ ነው?»

«መልኳን ወድጄ ነው።»

«እንግዲህ ዓይንህን አላህ ያብራልህ» አለና ትልቋን ለወርቅ ሠሪው ሰጠ። «ከዚችስ ለእናቷም ይወጣል።»

ያን ቀን ሰውየው መሬት የረገጠ አይመስለውም ነበር። ሳንቲሟን ባዶው ጎድጓዳ ላይ አኖራት፤ ለእሷ እንደ ተለካ ልክክ አለች። ሚስቱን ጠራ፣ ጎረቤቱን ጠራ፣ ቆዳ የሚያራግፉትን ሠራተኞች ጠራ። «አያችሁ? ከእግሩ በታች፣ እዚች ጋ።» ማንም አልገባውም፤ ደስታው ግን ይጋባ ነበርና ሁሉም ሳቁ፤ ሠራተኞቹም ዕልል አሉለት።

በማግስቱ በፀሐይ ብርሃን ሲያያት ግን የሴቲቱ ፀጉር አልጠራም፤ የንስሩም ላባ ፈዝዟል። የግመል ነጂው ቃል መጣበት። ደብዛዛ። እውነተኛ ከሆነች ለምን ደበዘዘች? ወዲያው የባለመድኃኒቱ ድምፅ ተከተለ። ናሱ።

ወደ ወርቅ ሠሪው ገሠገሠ። ወርቅ ሠሪው ጠርዟን በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሸት አደረጋት፤ በቀረው ቢጫ መስመር ላይም አሲድ ጠብ አደረገበት። መስመሩ እንዳለ ቆየ። «ወርቅ ናት፣ ጋሼ» አለ። ሰውየው ግንባሩን ስሞት እየዘለለ ወጣ። ቤቱ ሳይደርስ ግን «ላይዋ ወርቅ፣ ውስጧ ሌላ ቢሆንስ?» አለ ለራሱ። ተመልሶ ጠርዟን በሹል ብረት አስጫራት። ጥርስ ጥርስ ባለው ጠርዟ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ ውስጧም ወርቅ ነበር። እንደገና ደስታ፤ እንደገና መንገድ ላይ ሐሳብ።

ሚስቱ ስታየው ሰነበተች። «ሰውዬ» አለችው፣ «እኔን እንዲህ መርምረኸኝ ቢሆን እስካሁን ላጤ ነበርክ።»

«በአንቺ ናስ ብሎ የሚስቅብኝ የለማ።»

«ለመሆኑ የሚያሳድድህ ባለመድኃኒቱ ነው ወይስ ራስህ?»

ማጉያ መነጽሩን መወልወሉን ቀጠለ።

ወርቅነቷን ካረጋገጠ በኋላ የቀረችው ፊደሏ ናት። ሙሴ አንድ እሁድ «ጮሌዎቹ አሁን ናስ መቀባት ትተዋል፤ ተራ የወርቅ ሳንቲም ገዝተው ፊደሏን ብቻ ይበይዱበታል» ሲል ሰምቶታል። ይህች ቃል ልቡ ውስጥ ገብታ እንደ ምስጥ ትበላው ጀመር። ፊደሏን በመነጽር ያያታል። ጠዋት የተበየደች ትመስለዋለች፤ ቀትር ላይ እውነተኛ ትመስለዋለች።

ለምን ሙሴን አላሳየውም ትለኝ ይሆናል። ቀላሉ እሱ ነበር፤ ይዞ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ማኖር። ነገር ግን ያን ባሰበ ቁጥር ሙሴ ቃል ሳይናገር ለባለመድኃኒቱ ሲያሳልፋት ይታየዋል። «ሳላረጋግጥ አልወስዳትም» አለ። ወሬው ግን ቀደመው፤ ግመል ነጂው በየገበያው «አንድ እብድ ትልቁን ወርቅ በትንሽ ለወጠኝ» እያለ ይስቅ ነበርና።

«ናሱ፣ አዲስ ሙሽራ ቤትህ ደብቀሃል አሉ» አለው ባለመድኃኒቱ። «ፊቷን መሸፈንህ እንዲያው ቅናት ነው ወይስ ጥርስ የላትም?»

በረንዳው ሁሉ ሳቀ። ሙሴ ግን አልሳቀም። «የፊታችን እሁድ አምጣት» አለው። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይፈዝ ልያት።»

ቅዳሜ ዕለት ሰውየው ወርቅ ሠሪው ፊት ተቀመጠ። ነገ ወይ ከእሷ ጋር ይነግሣል፣ ወይ ዳግመኛ ናስ ይባላል። ሁለተኛውን የሚችልበት ልብ እንደሌለው ያውቃል።

«ፊደሏን በመቅረጫው ጫፍ ግፋልኝ» አለ። «ተለጥፋ ከሆነ ትነሳለች።»

«ካልተለጠፈችስ?»

«ካልተለጠፈች አትነሳም።»

ወርቅ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ወርቅ ለስላሳ ነው። እሷ ከተነሳች መልሼ እተክላለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ይተዉት።»

«ቀስ ብለህ ነው።»

«እጄ አይደፍርም። ከፈለጉ መሣሪያው ያው።»

ሰውየው መቅረጫውን ተቀበለ። ሳንቲሟን በሰም ላይ አጣብቆ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ጫፉን ከፊደሏ ጎን አስጠግቶ ገፋ። አልተነቃነቀችም። ልቡ በደስታ ዘለለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግርህም ነበር። ነገር ግን «ጥሩ ብየዳም እኮ ይህን ያህል ይችላል» አለ። ጥርሱን ነክሶ እንደገና ገፋ።

ፊደሏ እንደ ቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልላ ተነሳች።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሥሯን በመነጽሩ መረመረ። የብየዳ ስፌት ፈለገ፤ የለም። የቀለም ልዩነት ፈለገ፤ የለም። የፊደሏ ሥርና የሳንቲሟ ገላ አንድ ወርቅ ነበሩ፤ አንድ ላይ ተመትተው፣ አንድ ቀን የተወለዱ። ምንም ጥርጥር አልቀረም።

«እውነተኛ ናት» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። «አየህ? አልተለጠፈችም። እውነተኛ ናት።» ወርቅ ሠሪውን ትከሻና ትከሻውን ይዞ ወዘወዘው። እየሳቀ ነበር፤ እንባውም ይወርድ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ከተወለደ ጀምሮ አልተሰማውም።

ወርቅ ሠሪው አልሳቀም። በመቅረጫው ጫፍ ላይ የቀረችውን ፍቅፋቂ በጣቱ ጥፍር አንስቶ ዘረጋለት።

«ጋሼ፣ ይቺን ምን ላድርጋት?»

ሰውየው ያን ጊዜ ገባው። እጆቹ ከወርቅ ሠሪው ትከሻ ላይ ወረዱ።

እሁድ ወደ በረንዳው ሄደ። ለምን እንደሄደ ራሱም አያውቅም፤ ምናልባት የሚፈራው ነገር ስላልቀረ ይሆናል። ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ሙሴ ፊቷን አየና ብድግ ሊል ቃጣው። «ይህን ድብዘዛ አውቀዋለሁ» አለ። «የዚያች ቤት መሣሪያ ደካማ ነበር፤ ብዙዎቹ ሳንቲሞቿ ፊታቸው እንዲህ ፈዘዝ ያለ ነው። ጥርት ብላ ብትመጣ ነበር የምጠራጠራት።» ይህን እያለ ገለበጣት። ከንስሩ እግር በታች ያለውን ጠባሳ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ ነኝ። እውነተኛ መሆኗን ላረጋግጥ ብዬ።»

«እኔ እኮ በዓይኔ ብቻ እነግርህ ነበር» አለ ሙሴ። «አሁንማ ብናገርላትስ ማን ያምነኛል?»

ባለመድኃኒቱ ወንበር ሳበለት። ከዚያም፣ ከዚያ የናስ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰውየውን በስሙ ጠራውና «ና ተቀመጥ» አለው። ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ያቺ ደግነት አሳመመችው።

መሪጌታ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ቀጥለው ወደ ይኄይስ ዞሩ።

«ያ ሰው አንተ ነህ፣ ልጄ። የምትጠረጥርበት ድብዘዛ የልጅቷ ዝምታ ነው፤ እሱም ሐሰቷ አይደለም፣ የተፈጠረችበት መልኳ ነው። ከሥራ ተባረርኩ ስትላት ጥቂት ዝም ብላ ምን እንዳለችህ ራስህ ነገርከኝ። ያ መልስ ድንጋዩ ላይ የቀረው መስመር ነበር፤ አልጠፋም። አንተ ግን መስመሩን አይተህ ደስ ብሎህ ወጣህ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ወለድክ። ዛሬ የምትልከው ጓደኛህ መቅረጫው ነው።»

ይኄይስ «ግን መሪጌታ፣ ብትፀናልኝስ?» አለ።

«ትፀናለች። እኔ በበኩሌ ስለ እሷ አልሠጋም። ጓደኛህ ተመልሶ እውነተኛ ናት ይልሃል፤ አንተም እንደዚያ ሰው ትዘላለህ። ከዚያስ? ከተማችን ትንሽ ናት፤ ማን እንደላከው ሳትሰማ አትቀርም። ያን ጊዜ ከእሷ ላይ የሚነሳው አንተን የምታምንበት ነገር ነው። ስለ እሷ ሁሉን አውቀህ፣ የምታውቃትን ግን አታገኛትም።»

ይኄይስ ሰዓቱን አየ። «ጓደኛዬ ምሳውን በልቶ ይነሳል ብዬዎት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን እየበላ ይሆናል።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? ተነስ፤ ከደጁ ሳይወጣ ድረስበት። ከእሱ ቤት ደግሞ ወደ እሷ ሂድና ከሥራ ተባረርኩ ያልካት ውሸት መሆኑን ራስህ ንገራት። አንተ ሳታውቅ ሌላ ሰው እውነቱን ጠረጴዛው ላይ ከሚያኖረው አንተው አኑረው። ብትቆጣ ትቆጣ፤ ብትስቅብህም ትሳቅብህ። ያን ሰው ያከሰረው የሰው ሳቅ አልነበረም፤ ሳቁን መፍራቱ ነው።»